የዋናው ማብሪያ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ወፍጮ ከሰው አብልጦ በሚጮህባት አንዲት ከተማ፣ ሦስት አስተማሪዎች የሚያስተምሩበት የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ነበር። ወርክሾፑ የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ንብረት ነው። ሦስቱም ሙያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ይህን ጠላታቸውም አይክድም። የሚጣሉት ሙያው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል በሚለው ላይ ነበር።

የወርክሾፑ ዋና ማብሪያ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። እሱን የያዘ የወርክሾፑ አለቃ ይሆናል፤ ትምህርቱም አለቃው በሚለው መንገድ ይሰጣል። አለቃውን የሚሾመው ግን የኮሌጁ ዲን አይደለም። አለቃ የለቀቀ ዓመት፣ በብቃት ፈተና አንደኛ የወጣው ተመራቂ ቁልፉን ይረከብና «እጄን የሠራው ይህ ነው» ብሎ ለአንዱ አስተማሪ ያስረክባል። ለምን እንደመረጠ አይጠየቅም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ የሻረው ግን አልተገኘም።

ለብዙ ዘመን ቁልፉን ይዘው የኖሩት ጋሽ አሰጉ ነበሩ። ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ሦስቱንም በየመንገዳቸው ተዋቸው። ስለዚህ የወርክሾፑ ተማሪ ጠዋት ባንተይርጋን፣ ከሰዓት ገነቴን፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ማንያዘዋልን ይቀምስ ነበር።

ባንተይርጋ የሚያስተምረው እጅን ነው። «ጭንቅላት ይረሳል፤ እጅ አይረሳም» ይላል። አንድ ሥራ ይሰጥና መዳፍ እስኪላጥ ያስደጋግማል። ከሁሉ በላይ ያስደጋገማቸው የቴስተሩን ሥራ ነው። ቴስተር ጫፏ ሽቦ ሲነካ፣ ኮረንቲ ካለ እጀታዋ ውስጥ ያለችው አምፖል የምትበራ ትንሽ መፍቻ ናት። አምፖሏ ተቃጥላ እንደሆነ ግን ኮረንቲ እያለም አትበራም፤ ያመናት ይሞታል። ስለዚህ ባንተይርጋ ሦስት ንክኪ አስተማራቸው። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው የሚታወቅ ሶኬት ይነካል፤ ቀጥሎ የሚሠሩበት ሽቦ፤ ከዚያ ሶኬቱ እንደገና። በየንክኪው አፋቸውን ከፍተው «አለ፣ የለም፣ አለ» እንዲሉ ያዛል። ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ሳይቀር ያዜሙታል። «ለምን?» ብሎ የጠየቀውን ጣቱን በመፍቻ እጀታ ይመታዋል።

«ለምንን ገነቴ ዘንድ ጠይቅ። እኔ የምፈልገው እጅህን ነው።»

ገነቴ የምታስተምረው በጥያቄ ብቻ ነው። መልስ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሳጥን ትከፍትና የአንዱን ሽቦ ጫፍ እያሳየች ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ከየት መጣ? በየት አለፈ? የት ይሄዳል? «ጣትህን አስይዘው፤ ራሱ ይመራሃል» ትላለች። ተማሪው ዝም ካለ እሷም ዝም ትላለች። አንድ ቀን አንዷን ልጅ ጓደኞቿ ምሳ በልተው እስኪመለሱ፣ ከዚያም እስኪወጡ፣ ሳጥኑ ፊት አቁማታለች። ልጅቷ አለቀሰች። ገነቴ «የምታለቅሺው ከየት መጥቶ ነው?» አለቻት። ፈጥኖ የሚመልሰውን ግን ትከሻውን መታ ታደርገዋለች። ከእሷ ዘንድ ያለው ምስጋና ይኸው ነው፤ ለዚያች ምስጋና ሲሉ ልጆቹ ይሻሙ ነበር።

ማንያዘዋል የሚያስተምረው በስህተት ነው። ሥራው ማጥመድ ነው። የተቃጠለ ቴስተር ከደህናው ጋር ይቀላቅላል፤ የተቋረጠ የሚመስል ሽቦ ላይ ለሞት የማያበቃ፣ ጥርስ ለማንገጫገጭ የሚበቃ ኮረንቲ ይተዋል። የተጠመደው ተማሪ «ሞተ» ይባላል። ሲሚንቶው ላይ ይጋደምና ሸራ ይለብሳል፤ ክፍሉ በሙሉ ደረቱን እየመታ ያለቅስለታል። ደወል እስኪደወል መነቃነቅ የለም። ጓደኛውን ሊያድን ሮጦ ያቀፈም አጠገቡ ይጋደማል። «ኮረንቲ የያዘውን ያቀፈ ሁለተኛ ሬሳ ነው!» ይላል ማንያዘዋል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ፈርተው ነበር። ኋላ ለመዱት። ከለመዱት በኋላ ሳቁበት። ቻላቸው የሚባል ቀልደኛ ልጅ የለቅሶ ግጥም አወጣለትና የሟቹን ስም እየለዋወጡ ይሉት ጀመር፤

«የእገሌ እናት ምን ይላሉ ዛሬ፣
ልጃቸው ተጠብሶ እንዳውዳመት በሬ።»

ማንያዘዋልም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ እህትና ወንድም ነበሩ። እህቲቱ ፍታለም ናት፤ ወንድሟ ይታያል በአንድ ዓመት ይከተላታል። እናታቸው ወይዘሮ የሻረግ ገበያ እህል እየሰፈሩ ያሳደጓቸው ናቸው። ይታያል ፈጣን ነው። ባንተይርጋ የሌላውን እጅ የሚሰድበው የእሱን እያሳየ ነበር፤ የገነቴም መዳፍ ከማንም ይልቅ የእሱን ትከሻ ያውቀዋል። ፍታለም ዘገምተኛ ናት። ባንተይርጋ «ድንጋይ» ይላታል። ገነቴ ፊት ቆማ ያለቀሰችው እሷ ናት። ከሸራው ስር ከማንም በላይ የተኛችውም እሷ ናት።

የምትተኛበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው። ማንያዘዋል ኮረንቲ የያዘው ሰው ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ሲፈልግ ይታያልን ይመርጣል። እህቱ እንደማትችል ስለሚያውቅ ነው። ይታያል ተንቀጠቀጠ፤ ፍታለም ሮጣ አቀፈችው፤ ተጋደመች፤ ተለቀሰላት። በሚቀጥለው ዓርብ ያው ሆነ። በሚቀጥለውም። ጉንጯ የሲሚንቶውን ጉድጓድ፣ አፍንጫዋ የሸራውን የናፍታ ሽታ ለየ። ከዕለታት አንድ ዓርብ ይታያል ሲንቀጠቀጥ እጇን አጣጥፋ ቆማ አየችው።

«አሁን ተማርሽ» አላት ማንያዘዋል።

ያን ቀን ከቀደሙት ዓርቦች ሁሉ ይበልጥ ጠላችው።

ይታያል ግን ለወትሮው አይጠመድም ነበር። ወደ ተግባር ልምምድ ሊወጡ አንድ ዓርብ ሲቀራቸው ተጠመደ። የተቃጠለ ቴስተር ይዞ ተገኘ፤ ተጋደመ፤ ቻላቸው ስሙን አስገብቶ አዜመ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ወደ ቤት ሲሄዱ ፍታለምን መንገድ ላይ አቆማት።

«እቴ፣ ሁለተኛ ከዚያ ሸራ ስር አልገባም» አላት። «ብሞት አልገባም።»

«ስትሞት አይደል እንዴ የምትገባው?»

ሁለቱም ሳቁ።

ለልምምድ የተላኩት ወደ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ዱቄት ፋብሪካ መብራት ሲኖር ለተማሪ ጊዜ የለውም። አንድ ረፋድ ላይ የከተማው መብራት ጠፋ፤ ሥራ አስኪያጁም እያጨበጨበ መጣ። «ይሄኔ ነው እንግዲህ! መብራት ሳይመጣ እነዚያን ሁለት ሳጥኖች ጨርሱልኝ።» ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሳጥኖች የወፍጮዎቹን ሞተሮች የሚያስነሱ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የሚቀየር የተቃጠለ ዕቃ አለ። የፋብሪካው ኤሌክትሪሽያን መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቅ ወጥቷል። አንዱን ሳጥን ይታያል ያዘ፤ ሁለተኛውን ፍታለም። ሌሎቹ የዱቄት ጆንያ ላይ ተደገፉ።

ሁለቱም ቴስተራቸውን አወጡ።

የባንተይርጋ ትምህርት ለሁለቱም መጣ። ይታያል ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ነካ። መብራት የለምና አምፖሏ አልበራችም። አፉ ግን «አለ» አለ። ሽቦውን ነካ፤ «የለም»። ሶኬቱን ነካ፤ «አለ»። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ወርክሾፕ ውስጥ ሶኬቱ ሁልጊዜ ኮረንቲ ነበረው፤ እጁ ቅደም ተከተሉን እንጂ አምፖሏን መጠበቅ አልተማረም ነበር። ፍታለምም ሶኬቱን ነካች። አፏን ለ«አለ» ከፈተች። አምፖሏ አልበራችም፤ ቃሉም አልወጣም። እጇ ሁለተኛውን ንክኪ እምቢ አለ። ደረጃ ሲወርድ እግሩ መርገጫ እንዳጣ ሰው ሆነች።

«ይታይ፣ የኔ አልበራም።»

«መብራት ጠፍቶ እንዴት ይብራ? ሥሪ እንጂ።»

«ታዲያ አንተ ምን አይተህ ነው ‹አለ› ያልከው?»

ይታያል ዞር አለ። አየት አደረጋት፤ ከኋላዋም ጓደኞቹን። ቻላቸው ጆንያው ላይ እንደተጋደመ አንገቱን አቀና።

«ሸራ ይምጣ እንዴ ይታያል?»

ጆንያ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ይታያል ጆሮው ቀላ፤ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

የገነቴም ትምህርት ለሁለቱም መጣ። በሁለቱም ሳጥኖች ውስጥ ከከተማው መብራት ጋር የማይገናኝ አንድ ወፍራም ጥቁር ገመድ አለ። ሁለቱም አዩት። ፍታለም ዘገምተኛ ናትና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች፤ ከየት መጣ? ገመዱ ከሳጥኑ ወጥቶ በግድግዳው ወደ ላይ፣ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ጫፉ ከቆመችበት አይታይም። ሳጥኑን ትታ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ይታያል ፈጣን ነውና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበር፤ የት ይሄዳል?

«ይቺ ደግሞ የት ነው የምትሄደው?» አለ፣ ለራሱ። ጣቱን አስያዛት። ጣቱ ገመዱን ይዞ ወደ ሳጥኑ ውስጥ፣ ልባስ የሌለው የመዳብ ጫፍ ድረስ ተመራ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ፍታለም በሩ ላይ ስትደርስ የገመዱን ጫፍ ጓሮው ውስጥ ካለ ጄኔሬተር ጋር ተያይዞ አየችው። ጄኔሬተሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ፋብሪካው ውስጥ የሚያስታውሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ጠዋት የመጣ መካኒክ ተደፍቶ እየጠገነው ነው። ሳጥኖቹ ላይ ሰው እንዳለ ለመካኒኩ የነገረው የለም፤ መካኒክ እንደመጣም ለልጆቹ የነገራቸው የለም። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጄኔሬተሩ ተነሳ።

የማንያዘዋል ትምህርት ያኔ መጣ፤ ለሁሉም። ከኋላዋ ዘፈን ሰማች።

«የይታያል እናት ምን ይላሉ ዛሬ፣
ልጃቸው ተጠብሶ እንዳውዳመት በሬ።»

ዞረች። ይታያል አንድ እጁ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ይስቃሉ። አንዱ ጆንያዎቹ የተሸፈኑበትን ሸራ እየጎተተ ነው። «ከዓርቡ ይሻላል እኮ! አሳመረው!» ይላል። ከመካከላቸው እውነት መሆኑን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ጮኸች፤ ጩኸቷንም ለቅሶው ውስጥ ደመሩት። ክንዷን ዘርግታ ሮጠች። አንድ ክንድ ሲቀራት ክንዷ ታጠፈ። ዱቄቱ መሀል የናፍታ ሸራ ሸተታት፤ ጉንጯን ሲሚንቶ በረደው። ቆመች። ግድግዳ ላይ የተደገፈ የእንጨት አካፋ አነሳችና የወንድሟን ክንድ መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ይታያል ተላቅቆ ወደቀ።

ሲወድቅ ቻላቸው አጨበጨበ። ዝም ያለው የመጨረሻው እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ አስከሬኑን ያየው ሐኪም «ወዲያው ቢላቀቅ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን አልተናገረም። ፍታለም ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው። ብታቅፈው ሁለቱም ይሞቱ ነበር። ሌሎቹ ባይዘፍኑ ኖሮ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ አካፋውን የሚያነሳ ብዙ ሰው በአጠገቡ ነበር።

ከተማው ተቆጣ። አባቶች ኮሌጁ በር ላይ ተሰበሰቡ። ዲኑም ሦስት ዓይነት ትምህርት በአንድ ወርክሾፕ ተቀላቅሎ ልጅ ፈጀ፣ ከእንግዲህ አንድ አስተማሪ፣ አንድ መንገድ ይሆናል አለ። ሁለቱ ይሰናበታሉ። የጋሽ አሰጉም ዓይን ያን ሰሞን ፈጽሞ ስለደከመ ቁልፉ ባለቤት አጣ። የብቃት ፈተና ደረሰ። ፍታለም ተፈተነች። ፈታኞቹ ሳጥኑን ስትከፍት፣ ቴስተሯን ስትፈትሽ፣ ገመዱን እስከ መነሻው ስትከተል አይተው «ብቁ» አሏት፤ አንደኛም ወጣች። በከተማው ውስጥ እንኳን ደስ አለሽ ያላት የለም። ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል።

ዲኑ ቢሮው አስጠራት። ምርጫው ከእሱ በመውረዱ ደስታውን አልደበቀም።

«ደንብ ነው ፍታለም። ምርጫው ያንቺ ነው።»

«ባልሰጥስ?»

«ወርክሾፑ አይከፈትም። ዘንድሮ የተመዘገቡት ልጆች እንግዲህ ወፍጮ ቤት ተቀጥረው እዚያው ይማራሉ።»

«ማን ያስተምራቸዋል?»

«ኮረንቲው» አለ ዲኑ።

ከምርቃቱ በፊት ሦስቱም በየተራ አገኟት።

ባንተይርጋ ገበያ መጣ። እናቷ እህል የሚሰፍሩበት ቦታ አጠገብ ቆሞ፣ «እጅሽን አሳዪኝ» አላት። ዘረጋችለት። እንደ በሬ ነጋዴ አገላብጦ አየው።

«ይቺ እጅ ሶኬቱ ላይ ቆመች። ማነው ያስቆማት?»

«የይታያልስ እጅ፣ ቲቸር?»

«እጁ ልክ ነበር። አፉ ነው የዋሸው። እኔ አፍ አላስተማርኩም።»

«አፋችሁን ከፍታችሁ በሉ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ባንተይርጋ እጇን ለቀቀው። «ድንጋይ ነበርሽ» አላት። «ድንጋይሽን ነው ሰው ያደረግኩት።» ሄደ።

ገነቴ ቤት ድረስ መጣች። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

«ለማን ትሰጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም» አለች። «ጓሮው በር ድረስ ማን ወሰደሽ?»

«ከየት መጣ የሚለው።»

«እሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለምን ዘለለው?»

«ይፈጥን ስለነበረ።»

«ማን አፈጠነው?»

«እርስዎ» አለች ፍታለም። «ትከሻውን መታ የሚያደርጉት ሲፈጥን ነበር። እኔን መታ አድርገውኝ አያውቁም።»

 ሌላ ጥያቄ ይመጣል ብላ ፍታለም ጠበቀች፤ አልመጣም። ገነቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ማንያዘዋል ያገኛት የይታያል መቃብር ላይ ነው። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ብታቅፊው ኖሮ እናትሽ ሁለት ይቀብሩ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ያጋደምኩሽ ለዚያች ለአንዲት ቀን ነው። በየሳምንቱ ጠልተሽኛል፤ ሰርቷል።»

«የሳቁትስ?»

«አልቅሱ ነው ያልኩት። የሳቁት ራሳቸው ናቸው።»

«እርስዎም ይስቁ ነበር።»

ማንያዘዋል የመቃብሩን አፈር ተመለከተ። «ስቄያለሁ» አለ። «ለእኔ ካልሰጠሽኝ ግን የሚመጡት ልጆች እየሮጡ ይተቃቀፋሉ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሲባል ያቅፋል።»

ቤት ስትገባ እናቷ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ግጥሙ ጆሯቸው ደርሷል፤ ከተማ ነው፣ የማይደርስ የለም።

«‹ምን ይላሉ ዛሬ› ብለው ጠየቁ አሉ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ልንገራቸው እንግዲህ። አንቺን ያተረፈሽን ብትሸልሚ የወንድምሽን ገዳይ ሸለምሽ። ገዳዩን ብታባርሪ አንቺን ያኖረሽን አባረርሽ። ሦስቱም እንደዚያው ናቸው፤ ባገላብጣቸው ባገላብጣቸው እንደዚያው ናቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማዬ?»

እናቷ ቀና ብለው ሳያዩዋት መለሱ።

«እኔ እንጃ። እሱ ቢተርፍ ኖሮ ይሄኔ መርጦ ጨርሶ ነበር።»

ፍታለም ታውቃለች፤ እውነት ነው።

በምርቃቱ ጠዋት አዲሶቹ ሰልጣኞች ወርክሾፑ በር ላይ ተሰለፉ። ቱታቸው እጥፋቱ ገና አልጠፋም። ማን እንደሚያስተምራቸው አያውቁም፤ ሲንሾካሾኩና ሲሳሳቁ ይሰማል። ከተመራቂዎቹ መሀል ቻላቸው አልነበረም። ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። ጋሽ አሰጉ ሰው ይዟቸው መጡ፤ የፍታለምን መዳፍ በዳበሳ ፈልገው ቁልፉን አስቀመጡበትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

ሦስቱ አስተማሪዎች ፊት ለፊቷ ቆመዋል። ባንተይርጋ መዳፉን ዘርግቷል፤ ጨርሶ አይንቀጠቀጥም። ገነቴ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ማንያዘዋል ብብቱ ስር የታጠፈ ሸራ ይዟል፤ ከወርክሾፑ የመጣው የድሮው ሸራ ነው።

ፍታለም ቀስ ብላ ሄደች። ከአንዳቸው ፊት ስትደርስ ቆመች፤ እጇንም ዘረጋች። ጣቶቿ እንደተጨበጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የእህቲቱን እጅ አስቆመ፤ የወንድሟን እጅ ደግሞ እንዳያስብ አድርጎ ላከው። ሁለተኛዋ እህቲቱን ከሳጥኑ አራቀቻት፤ የወንድሟን ጣት ሳጥኑ ውስጥ መራችው። ሦስተኛው እህቲቱን ከሞት መለሳት፤ ወንድሟ እየሞተ ጓደኞቹን አስዘፈነበት። ሰልጣኞቹ በር ላይ ናቸው፤ ወርክሾፑም ያለ ቁልፍ አይከፈትም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። የምትመልሱ ግን፣ የገዛ ልጃችሁን ነገ ጠዋት ለዚያው ለመረጣችሁት ሰው እንደምታስረክቡ አውቃችሁ መልሱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?